የሆዴ ሸንተረር

ሆድ ከአገር ይሰፋል ይላል የአገሬ ሰው። እውነት ነው፤ ወልጄ አይቼዋለሁ። ከሰፋ በኋላ እንዴት እንደሚሰበሰብ ግን ተረተኛው አልነገረንም። ወንድ ሳይሆን አይቀርም።

ከወለድሁ ወዲህ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ምክር ያልለገሰኝ ሰው ቢኖር ልጄ ብቻ ነው። አንዷ "ተልባ ጠጪ" ትላለች፤ ሌላዋ "በቅቤ እሽው" ትላለች፤ አዋላጇ ደግሞ "ዘጠኝ ወር የተለጠጠ ቆዳ በሳምንት አይመለስም። ቀስ እያልሽ ተንቀሳቀሽ፣ ታገሽ፤ እንደ ድሮው ላይሆንም ይችላል" አለችኝ። ከሁሉም የጠላሁት የእሷን ነው፣ እውነት እውነት ስለሚሸት። እናንተስ ብትሆኑ "ታገሽ" የሚባል መድኃኒት ትወዳላችሁ? ስለዚህ ከባሕር ዳር የላስቲክ የሆድ ቀበቶ አስመጣሁና ታጠቅሁ። ከዚያ ወዲህ ስቀመጥ ትተነፍሳለች ብላችሁ እንዳታስቡ። ከባለቤቴም ጋር ድብብቆሽ ጀመርሁ፤ በር ቆልፌ ካልሆነ ልብስ አልቀይርም። ሁለታችንም መምህራን ነን፤ ትምህርት ቤት አንዱ ከክፍል ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ ቤታችንም እንደዚያው ሆነ።

ቁርጡ የመጣው ሚኒባስ ላይ ነው። ጋቢና የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሲያዩኝ ወርደው፣ "እዚህ ይመችሻል ልጀ፣ ግቢ። ማርያም በሰላም ትገላግልሽ" አሉኝ። ኧረ ተገላግያለሁ! ልጄ እኮ ጥርስ አብቅሏል! ግን በኛ አገር ሽማግሌ ሲመርቅ "ተሳስተዋል" አይባልም። አንገቴን ሰብሬ "አሜን" አልሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ተከትሎኝ "አሜን" አለ፣ ረዳቱ ሳይቀር።

የዚያን ዕለት ወሰንሁ፤ አዲስ አበባ ሄጄ ትርፉን ቆዳ በቀዶ ጥገና አስቆርጠዋለሁ። ባለቤቴ "ገላው ያንቺ ነው፣ አንቺ ታውቂያለሽ" ብሎ የተማሪ ፈተና ወደ ማረሙ ተመለሰ። ቃሉን ስፈታው ሰነበትሁ፤ አልፈታ አለኝ። ልጁን እስክመለስ እንዲይዙልኝ አማቴን ልለምን ወደ ቡሬ ገጠር ወረድሁ።

አማቴ እትየ የሰውዘር ይባላሉ። እሳቸው ዘንድ ነገር በቀጥታ አይነገርም፤ ነውር ነው። "ለትንሽ ጉዳይ አዲስ አበባ ልሄድ ነበር" እያልሁ ዙሪያ ጥምጥም ስሄድባቸው፣ "ነገ ጠበል እንውረድ፣ እዚያው ትነግሪኛለሽ" አሉኝ።

ጠበሉ በሴቶች በኩል በእንጨት አጥር የተከለለ ነው። እሳቸው ልብሳቸውን አወለቁ፤ እኔ ቀበቶዬን እንደታጠቅሁ ተገተርሁ። "ምነው ልጀ፣ ማን አሰረሽ?" ብለው በገዛ እጃቸው ፈቱልኝ። ሆዴ ተዘረገፈ። እፍረቱ ነገሬን ሁሉ አስለፈለፈኝ፤ ቀዶ ጥገናውንም፣ ከልጃቸው መደበቄንም።

እሳቸው ግን ዝቅ ብለው የራሳቸውን ሆድ ያያሉ። ያኔ እኔም አየሁት። ወገኖቼ፣ ምን ልበላችሁ! ስምንት ልጅ ያደረበት ሆድ ነው፤ እጥፋት በእጥፋት፣ ሸንተረር በሸንተረር ላይ፣ ልክ የታረሰ ማሳ። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ገላ ላይ አይቼ አላውቅም። እዚያው አጥር ሥር አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

"ይኸ ረዥሙ የባልሽ ነው" አሉ በጣታቸው እየተከተሉት። "ሆዴ ውስጥም እያለ እልኸኛ ነበር።"

ሳቅሁ። የማን የማን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል እያልሁ በልቤ። ጣታቸው ግን ዝቅ ብሎ ከእምብርታቸው ሥር አንዲት ቀጭን መስመር ላይ ቆመ።

"ይች የበኩሬ ናት። ክርስትና ሳትነሣ ሄደችብኝ። ስም አልወጣላት፣ ፎቶ የላት፤ የተቀበረችበትንም ጎርፍ ወሰደው። በዚህ ምድር ላይ ኸዚች በቀር ምልክት የላትም።"

ባለቤቴ ስለዚች እህቱ አንድም ቀን አንስቶልኝ አያውቅም። እትየ የሰውዘር ጠበሉን በመዳፋቸው ቀድተው መስመሯን ቀስ አድርገው አጠቧት፤ የሕፃን ፊት እንደሚታጠብ።

ሲጨርሱ ወደኔ ዞሩ። "ሂጅ ልጀ፣ ልጁን እይዝልሻለሁ። ያንች ሌላ ነው፤ የምታቅፊው አለሽ።"

ቢከለክሉኝ ኖሮ በሄድሁ ነበር። ፈቃድ ግን እግር ያስራል። አልሄድሁም። ነገ ከነገ ወዲያ እሄድ ይሆናል፤ ሄዳ ያስቆረጠችውንም አልነቅፍም። ማንም የገላው ጌታ ነው።

ቤቴ ስገባ በጠራራ ፀሐይ መስታወት ፊት ቆሜ የልጄን ሸንተረር ፈለግሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነብኝ። እናትነቴ ገና ጥሬ ነው መሰለኝ እያልሁ፣ ስፈልግ ስፈልግ ሲያቅተኝ የቆለፍሁትን በር ከፍቼ ባለቤቴን ጠራሁት።

"እስቲ አንተ እየው፣ የልጃችን የቱ ይመስልሃል?"

መነጽሩን አድርጎ ተንበረከከ። የተማሪ ፈተና ሲያርም እንኳ እንዲህ ሲጠነቀቅ አላየሁትም። ሸንተረሮቹን አንድ በአንድ በጣቱ ተከተላቸው።

"አንድ ልጅ እኮ ነው ያለን" አለ በመጨረሻ። "ሁሉም የእሱ ነው።"