ካንዴላ የሌላት ማኪና

(አስመራ፣ ፓራዲዞ፣ ነጻነት በታወጀ በዓመቱ። ደጉ ሾፌር ነው፤ ሥራ ፍለጋ ከአዲስ አበባ መጥቶ የአክስቱ ልጅ ላቀች ቤት ካረፈ ሦስት ሳምንቱ። የላቀች ባል ተወልደመድኅን መኪና ሊገዛ ነው ሲባል ከሰማ ጀምሮ፣ መሪውን ከእኔ ሌላ ማን ሊይዘው ነው እያለ እንቅልፍ የለውም። ዛሬ እንግዲህ ዐዋቂነቱን ጠብታ ሳያስቀር ሊያሳይ ተነስቷል። በር ላይ አንዲት ቀይ፣ አጭር፣ ቆንጆ መኪና ቆማለች፤ ደጉና ተወልደመድኅን ከኋላዋ ቆመው ይከራከራሉ።)

ደጉ፦ ክዳን ነው አልኩህ!

ተወልደመድኅን፦ በር ነው።

ደጉ፦ በር ሰው የሚገባበት ነው። ይሄ ከኋላ ወደ ላይ ብድግ የሚል፣ የሌማት ክዳን!

ተወልደመድኅን፦ አንድ ጆንያ ጣፍ ይገባበታል።

ደጉ፦ ጆንያ ሰው ነው? ለመሆኑ የዚችን መኪና ቂጥ ማን ቆረጠው?

ተወልደመድኅን፦ ማንም። ሞዳ ነው፤ ዘመናይ ናት።

ደጉ፦ ሞዳ ይሁን ጎዶሎ ልትገዛ ቆርጠሃላ?

ተወልደመድኅን፦ ገዛ? ገዛስ አለኝ። አንተ የት ነው የምታድረው?

ደጉ፦ ቤትህ ነዋ! በእናንተ ገዛ ቤት ነው፤ ቤት መች ጠየቅሁህ? ስለ መኪናዋ ነው።

ተወልደመድኅን፦ ኣሃ! ማኪናስ ዓዲገያ እየ።

ደጉ፦ ማደግህንማ ማን ካደ? ጢምህ ምስክር ነው። ያደገ ሰውም ግን ይመከራል።

ተወልደመድኅን፦ አይደለም! ትማሊ! ትማሊ ዓዲገያ!

ደጉ፦ ትማሊ ትላንት ነው፤ ዐውቃለሁ። ትላንት ነው ያደግኸው? እኔም ጠርጥሬ ነበር።

(ተወልደመድኅን ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፤ ሲያጣድፉት አማርኛው ይጠፋዋል። ደጉ ደግሞ ትግርኛ ማለት አማርኛ ነው፣ ጉሮሮ ብቻ ነው የሚጨመርበት ባይ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ እስከ ትከሻው ገባ።)

ደጉ፦ ተወልደ! ኧረ ጉድ ልትሆን ነው! ሊሸውዱህ ነው!

ተወልደመድኅን፦ እንታይ? ምን ሆነ?

ደጉ፦ ካንዴላ የለም! አራቱንም ነቅለው ወስደዋል!

ተወልደመድኅን፦ ናፍታ እኮ ናት። ናፍታ በግፊት ነው የሚነድ፤ የካንዴላ እሳት አይፈልግም።

ደጉ፦ ናፍጣማ ለከባድ መኪና ነው! ለዚች ለክብሪት ቀፎ ናፍጣ መስጠት ለሕፃን አረቄ ማጠጣት ነው። ሻጩ ካንዴላውን ሸጦ በልቶ ነው ናፍጣ ናት ያለህ።

(ተወልደመድኅን መኪናዋ ውስጥ ገብቶ አስነሳት። ሞተሩ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይል ጀመር።)

ደጉ፦ እህሉስ?

ተወልደመድኅን፦ የምን እህል?

ደጉ፦ ወፍጮውን ካስነሳኸው እናስፈጭ እንጂ!

ተወልደመድኅን፦ ድምጿ እንዲህ ነው። ግን ጥቂት ነው የምትጠጣው። ምጽዋዕ ደርሳ ብትመለስ ገና አይጠማትም።

ደጉ፦ ሻጭ ምን የማይለው አለ! ስማኝ፣ ይቺን የሚነዳ ሾፌር እብድ ነው። እኔ እሷን ከምይዝ ከከተማ ውጭ ከዓዲ አበይቶ እዚህ ድረስ በእግሬ ብመላለስ ይሻለኛል።

ተወልደመድኅን፦ (ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቅር እያለው) የምርህን ነው?

ደጉ፦ ማርያምን! ጫፏን ብነካ ይሄ እጄ ይቆረጥ!

(ላቀች ቦርሳዋን አንግታ፣ ለሥራ ለብሳ ከቤት ወጣች። ፊቷ በሳቅ ተሞልቷል።)

ላቀች፦ ደጉዬ፣ እንኳን ደስ አለህ! ቁልፉን ሰጠህ?

ደጉ፦ የምን ቁልፍ?

ላቀች፦ የማኪናችንን ነዋ! ትላንት ዓደጋት፤ ገዛት ማለቴ ነው። ለደጉ እሰጠዋለሁ፣ አንቺን ሥራ ያደርስሽና ቀሪውን ሰዓት ለራሱ ይሥራባት ሲል ነው ያደረ።

(ደጉን በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀው። የሦስት ሳምንት ምኞቱን በገዛ ምላሱ እንደቀበረው ገባው።)

ደጉ፦ ዓደገ ማለት… ገዛ ማለት ነው?

ተወልደመድኅን፦ እወ።

ደጉ፦ (ኮፈኑን በእጅጌው እየወለወለ) ቀለሟ ግን እንዴት ያምራል! ሙያተኛ እኮ መጀመሪያ ያጣጥላል፣ ከዚያ ነው…

ተወልደመድኅን፦ አይሆንም ሓወይ፣ ወንድሜ። በማርያም ምለሃል፤ እጅህ ደግሞ ያስፈልግሃል። ማኪናዋን እኅቴ ሃይሚ ትነዳታለች፤ መንጃ ፈቃድ አውጥታለች።

ደጉ፦ ታዲያ እኔ ምን ልንዳ?

ተወልደመድኅን፦ በአማርኛ ልንገርህ በትግርኛ?

ደጉ፦ በፈለግኸው!

ተወልደመድኅን፦ በሁለቱም ቃሉ ያው ነው። እደግ!