የአያ ወልደጻድቅ ክንድና የገራራ ድልድይ

ክንዱን የሚያመልክ ሰው የሌለበት መንደር የለም። ሌላው ሰው በእግዜር ያምናል፣ በጎረቤቱ ያምናል፣ ሲጨንቀው በጠንቋይም ያምናል። እሱ ግን ከእግዜር ቀጥሎ የሚያምነው ከክርኑ እስከ መሀል ጣቱ ጫፍ ያለችውን አጥንት ነው። ሲከራከሩት እጅጌውን ይሰበስባል። ሲለምኑትም እጅጌውን ይሰበስባል። ከሰደቡት ደግሞ ጋቢውን ጥሎ ሁለተኛውን ክንድ ይጨምራል።

የወይራ ሜዳው አያ ወልደጻድቅ የእነዚህ ሰዎች ሁሉ አውራ ነበር።

ዘመኑ ፲፰፻፸ዎቹ ሊገባደዱ ሲሉ ነው። ያን ጊዜ ጨርቅ የሚለካው በሰው ክንድ ነው፤ በማን ክንድ እንደሚለካ ግን የሚወስነው ጭቅጭቅ ነው። ሻጭ በራሴ ካልለካሁ ይላል፤ ገዢ ደግሞ ካገሩ ረጅሙን ሰው ይዞ ይመጣል። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ወይራ ሜዳ ይዛ የምትመጣው አያ ወልደጻድቅን ነበር። ልጁን የሚድር፣ ለፋሲካ ኩታ የሚገዛ፣ አባቱን የሚቀብር ሳይቀር ከእርሻው አስጠርቶ አሊዩ አምባ ገበያ ድረስ ያስወርደዋል። ጨርቅ ነጋዴዎቹ ከሩቅ ሲያዩት፣ «ያ ጦር መጣ!» እያሉ ጣቃቸውን ይጠቀልላሉ።

«ክንዴ አይዋሽም» ይላል፣ ሳይጠየቅ።

ጨርቅ ብቻ ቢለካ ባልከፋ። የበሬ ቀንድ ይለካል፣ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ይለካል፣ የሙሽራ አልጋ ይለካል። ሚስቱ እናናየሁ የገዛ እናቷን ስትቀብር እንኳ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ለካና፣ «አራት ጣት ይጎድላል፤ እማማ ጉልበታቸውን አጥፈው ሊኖሩ ነው?» ብሎ ለቀስተኛውን አቁሞ አስቆፈረ። እናናየሁ ከዕንባዋ መሀል ቀና ብላ፣ «አንቱ ሰው፣ ለዛሬ እንኳ ክንድዎን ይሰብስቡልኝ!» አለች። እሱም ሰበሰበ፤ ጉድጓዱ ተለክቶ ካለቀ በኋላ።

ከወይራ ሜዳ ፊት ለፊት፣ ከገራራ ወንዝ ማዶ፣ ጽድ አምባ አለች። ጽድ አምባ ደግሞ የራሷን ክቡር ክንድ ታቀርባለች፤ የጨርቅ ነጋዴውን የአያ እንድሪስን። እንድሪስ ሰውነቱ ሙሉ፣ ድምፁ ሙሉ፣ ክንዱ ብቻ ጎዶሎ ነው። አጭር ክንድ ለጨርቅ ነጋዴ ከርስት ይበልጣል። ገዢ ሲያማርር፣ «ወላሂ፣ አላህ የሰጠኝ ይቺን ነው፤ በሸንበቆ ልቀጥላት?» ይላል። ሁለቱ ገበያ ላይ ሲገናኙ ሰው ሸመታውን ትቶ ይከባቸው ነበር።

«እንድሪስ፣ ይህ ክንድ ነው ጣት?»

«ወልዴ፣ ያንተስ ክንድ ነው ሞፈር?»

ገራራ በበጋ ሕፃን ልጅ የእግሩን ጫማ ሳያርስ የሚዘለው ወንዝ ነው። ሐምሌ ሲገባ ግን ዛፍ ከነሥሩ ይዞ ይወርዳል፤ ሁለቱ መንደሮች እስከ መስቀል ድረስ በጩኸት ብቻ ነው የሚገናኙት። ይህ ነገር ማንንም እንደ እናናየሁ አላቃጠለም። አንድ ልጇ አስካለማርያም ጽድ አምባ ነው የተዳረችው። ካቻምና ክረምት የበኩር ልጇን ስትወልድ፣ እናናየሁ የቋጠረችውን ገንፎ እህል በእጇ እንደያዘች ወንዙ ዳር ቆማ እልልታውን በጎርፍ ድምፅ መሀል ሰማች። የልጁን ፊት ያየችው በመስቀል ነው። ጥርስ ሊያወጣ ምንም አልቀረውም። አሁን አስካለማርያም ሁለተኛውን ፀንሳ ወሯ ሐምሌ ላይ ይወድቃል። እናናየሁም በሁለት እግሯ ቆማ ማለች፤ «ዘንድሮ እልልታውን ከማዶ አልሰማም። እኔው ነኝ እልል የምል።»

የድልድዩን ወሬ የቆሰቆሰችውም እሷው ነች። በየቡናው፣ በየማኅበሩ፣ በየልቅሶው ተናገረች፤ በመጨረሻ የሁለቱ መንደር ሽማግሎች ወንዙ ዳር ተሰበሰቡ። እያንዳንዱ መንደር በበኩሉ ዳር የድንጋይ ካብ እንዲያቆም፣ በካቦቹ ላይም አራት የጽድ ግንድ እንዲጋደም ተስማሙ። ቁመቱ እንዴት እኩል ይሆናል ቢባል፣ አያ ወልደጻድቅ ተነሣ።

«ከውኃው ፊት ጀምረን እንለካ» አለ። «መሬት ያዳላል፤ እዚህ ጉብ ይላል፣ እዚያ ይጎደጉዳል። ውኃ ግን አያዳላም፤ በሁለቱም ዳር እኩል ነው። ከውኃው ፊት ወደ ላይ አሥር ክንድ፣ በቃ።»

እንድሪስም፣ «ይቺ እንኳ ከጭንቅላቱ የወጣች ነች» አለ። ሁሉም መርቀው ተነሡ።

ስለ ጨርቅ ቢሆን ኖሮ «በማን ክንድ?» ብለው ቀኑን ሙሉ ይጨቃጨቁ ነበር። ድንጋይ ስለሆነ ግን ማንም አልጠየቀም።

ሥራው፣ እውነቱን ለመናገር፣ አያሳፍርም ነበር። ድንጋዩ ፊቱ እየተጠረበ ገባ፤ ጥጉ ላይ ትልልቁ ተቀመጠ፤ ክፍተቱ በጠጠር ተጠቀጠቀ። ወልደጻድቅ በወዲህ፣ እንድሪስ በወዲያ፣ ሁለቱም እጅጌያቸውን ሰብስበው ከውኃው ፊት ወደ ላይ ለኩ። ሰኔ ሲገባ ግንዶቹ በበሬ ተጎትተው መጡና እርስ በርስ በጠፍር ታስረው ተጋደሙ።

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ አንገቱን አዘነበለ። ግንዱ ከወይራ ሜዳ ወደ ጽድ አምባ ቁልቁል ዘቅዝቋል። የአንዱ ካብ ከሌላው በአንድ ሰው ወገብ ይበልጣል።

«አጠረ!» አለ ወልደጻድቅ ከላይ።

«ረዘመ!» አለ እንድሪስ ከታች።

«አሥር ክንድ ተባለ እንጂ አሥር ጣት ተባለ እንዴ?»

«አሥር ክንድ ተባለ እንጂ እስከ ሰማይ ተባለ እንዴ?»

ሽማግሎቹ ለመኑ። ወይራ ሜዳ ሁለት ረድፍ ድንጋይ ያውርድ ተባለ፤ ወልደጻድቅ ካቡ ላይ ወጥቶ ተቀመጠና፣ «ክንዴን ቁረጡና አውርዱት» አለ። ጽድ አምባ ሁለት ረድፍ ይጨምር ተባለ፤ እንድሪስ፣ «ከጨመርኩማ እስከ ዛሬ የሸጥኩት ጨርቅ ሁሉ ጎዶሎ ነበር ማለቴ አይደል? ወላሂ አልጨምርም!» አለ። እንደዚያው ከካቡ ጋር ይታሰር እንዳይባል ደግሞ ሁለቱም ከለከሉ። የግንዱ ጫፍ ሽብልቅ አልተመታበትም፤ የሚይዘው ድንጋይም አልተጫነበትም። የተፈታ በር ይመስል ካብና ካብ ላይ ዝም ብሎ ተጋድሞ ቀረ። ወልደጻድቅም አወጀ፤ «እነሱ ሳይጨምሩ ሽብልቅ የመታ፣ ቤቴ አይግባ!»

እናናየሁ በየማለዳው እህል እየሰፈረች፣ «አንቱ ሰው፣ ሐምሌ ደረሰ እኮ» ትላለች።

«እንድሪስን ንገሪው።»

«ልጅዎ ናት የምትወልደው፣ እንድሪስ አይደለም።»

«ልጄ የኔ ናት፤ ክንዴም የኔ ነው። የቱን ካድ ነው የምትይኝ?»

ሐምሌ ገባ፤ ገራራ ሞላ። አንድ ቀን ከሰዓት በፊት፣ ዝናቡ ገና እንዳባራ፣ ከማዶ የአስካለማርያም ጎረቤት ነጠላዋን እያውለበለበች ጮኸች።

«እናናየሁ ሆይ! ምጥ ይዟታል! ጠንቶባታል! እናቴን ትላለች!»

እናናየሁ የቋጠረችው ከበር ኋላ ነበር። አንጠልጥላ ወጣች። ወልደጻድቅ ካቡ ሥር ከሽማግሎቹ ጋር ተቀምጦ ስለ ክንድ ሲያስረዳ፣ ሚስቱ ቀሚሷን በመቀነቷ ሸጉጣ፣ ምንም ሳትለው በአጠገቡ አልፋ ካቡ ላይ ወጣች።

«እናንዬ! ተመለሺ! አልታሰረም እኮ!»

«ማን ከለከለ?»

«እንድሪስ!»

«እንግዲያ እንድሪስ ይያዘው» ብላ ግንዱን ረገጠች።

ግንዱ ተንቀሳቀሰ። ርጥብ ነበር፣ ዘቅዛቃ ነበር፣ የሰው ክብደት ሲያርፍበት ወደ ጽድ አምባ መንሸራተት ጀመረ። ወልደጻድቅ ያን ጊዜ አልለካም። እየሮጠ ወጥቶ በደረቱ ወደቀና አራቱን ግንድ በሁለት ክንዱ ጠቅልሎ ያዘ። ሌላ ሰው ሁለቱን ብቻ ነበር የሚያቅፈው፤ ይህን የወይራ ሜዳ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ከማዶ ደግሞ እንድሪስ ጥምጣሙን ጥሎ፣ «ቢስሚላህ!» ብሎ፣ የሚመጣውን ጫፍ በትከሻው ተቀበለና እግሩን ካቡ ላይ ተክሎ ቆመ።

«ጎትት አንተ ሞፈር!»

«ግፋ አንተ ጣት!»

እናናየሁ በመሀላቸው ሄደች። ከሥሯ ጎርፉ ይጮሃል፤ እሷ ግን ወደ ታች አላየችም። ወደ ኋላም አላየችም። ማዶ ስትደርስ በእንድሪስ ራስ ላይ ተሻግራ፣ «እግዜር ይስጥህ ወንድሜ» ብላ ወደ ልጇ ቤት ሮጠች።

ሽማግሎቹ፣ «ወልዴ፣ ተሻግራለች፤ ልቀቅ!» አሉት።

«ትመለስ የለም እንዴ!» አለ፣ ጉንጩን ግንዱ ላይ አጣብቆ።

እንድሪስም አልለቀቀም። ወልደጻድቅ ሳይለቅ እሱ ቢለቅማ ጽድ አምባ ምን ትባላለች? እንደዚያ ሆነው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ግንዱን እንዳቀፉ፣ ዝናቡም ተመልሶ ሲያካፋባቸው፣ ከአስካለማርያም ቤት እልልታው ወጣ። የመጀመሪያዋ ድምፅ የእናናየሁ ነበረች። ወልደጻድቅ ለየው። ለየውና ግንዱ ላይ አለቀሰ፤ ሰው ግን ዝናብ ነው ብሎ አለፈለት።

ወልደጻድቅ ራሱ፣ «ሽብልቅ አምጡ» አለ። ከማዶም መዶሻው ወዲያው ተሰማ። ድንጋይ አልተጨመረም፣ ድንጋይ አልወረደም። ድልድዩ እንደ ዘቀዘቀ ተመታ፣ እንደ ዘቀዘቀ ጸና።

ለክርስትናው ቀን እንድሪስ አንድ ጣቃ ነጭ ጨርቅ ይዞ መጣ። ወልደጻድቅ ለልጅ ልጁ ልብስ ሊገዛ ነውና ሰው ሁሉ ለጠብ ተዘጋጅቶ ከበበ።

«በአንተ ክንድ ለካ» አለ ወልደጻድቅ።

«የለም፣ በአንተ ነው የሚለካው።»

«በኔ ለክቼ ዘረፈኝ ልትል ነው?»

«በኔ ለክቼ ሕፃን ሰረቀ ልባል ነው? ወላሂ፣ በአንተ ካልሆነ አልሸጥም!»

«በአንተ ካልሆነ አልገዛም!»

እናናየሁ ጨርቁን ከሁለቱም እጅ ነጥቃ፣ ሕፃኑን ጠቀለለችበትና የተረፈውን በጥርሷ ቀደደችው። ልኩ ሕፃኑ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ከወይራ ሜዳ ወደ ልጇ ቤት ስትወርድ እግሯ ራሱ ይወስዳታል፤ ስትመለስ ግን ዳገቱን እያለከለከች፣ «ወይ የዚህ ሰው ክንድ! ወይ የዚህ ሰው ክንድ!» ስትል ትወጣለች። ይህን የማለት መብት ግን የሷ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ከሩቅ አገር የመጣ ባለበቅሎ፣ በቅሎው አቀበቱን እምቢ ብላው፣ ከድልድዩ ግርጌ ቆሞ ጮኸ።

«ይህን ነገር የለካው የየትኛው ደንቆሮ ክንድ ነው?»

ወልደጻድቅ ካቡ ላይ ተቀምጦ ነበር። እጅጌውን መሰብሰብ ጀመረ። ከልጇ ቤት ስትመለስ ከበቅሎው ኋላ የቆመችው እናናየሁ ግን ሸክሟን ከጀርባዋ አውርዳ ቀደመችው።

«የባሌ ክንድ ልክ ነው» አለች። «ወንዙ ነው የዘቀዘቀው። ይልቅ በቅሎዎን ከኋላ ይግፉ፣ ሰው አያስቁሙ።»