ድንጋይ የተሸከምኩለት ተዋናይ

ፊልም ፊት ሲቀመጥ ዳኛ የማይሆን ሰው አላየሁም። በልቅሶ ቤት እንኳ እንባ የሚቸግረው ሰውዬ፣ ተዋናዩ ሲያለቅስ «አልመጣለትም» ብሎ ይፈርዳል። እኔም ከነዚሁ ዳኞች አንዷ ነኝ። ሐይቅ ከተማ ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት እሸጣለሁ፤ ሲኒማ ቤት የገባሁት ደሴ ስማር ብቻ ነው። የፊልም ሽልማት ሰሞን ሲመጣ ግን የሚያደርገኝን ያሳጣኛል። የሳል ሽሮፕ እየሰጠሁ «ከምግብ በኋላ ይውሰዱ» ካልኩ በኋላ፣ «ለመሆኑ ዘንድሮ ማን የሚያሸንፍ ይመስልዎታል?» ብዬ እጨምራለሁ። በሽተኛው ምን ይበል? ሳሉን ይስላል።

ፊልም የማየው ጓደኛዬ ዘሃራ ዓሣ ቤት ነው። ቆሮሶ ዓሣው ከሐይቁ ወጥቶ መጥበሻ ላይ እስኪደርስ ብዙ አይቆይም፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ። ቴሌቪዥኑ የዘሃራ ነው፤ ሪሞቱ ግን የጋሼ ሙሔ ነው። ጋሼ ሙሔ የታወቁ አስታራቂ ሽማግሌ ናቸው። ከውጫሌ ድረስ የተጣላ ሁሉ ባጃጅ ይዞ መጥቶ ይወስዳቸዋል። ከእንዲህ ያለ ሰው እጅ ሪሞት የሚነጥቅ ማን ነው? ችግሩ ዜና መውደዳቸው ነው። ዜናው ሲያልቅ ያንኑ ዜና ሌላ ጣቢያ ላይ ይፈልጋሉ። ፊልም የሚከፍቱልን ስናሳዝናቸው ብቻ ነው።

ዘንድሮ ሽልማቱ ሲቃረብ አንድ ብልሃት መጣልኝ። የዓመቱን ምርጥ ወንድ ተዋናይ በትክክል የገመተ ሰው፣ እስከሚቀጥለው ሽልማት ድረስ ሪሞቱን ይያዝ አልኩ። ዘሃራ ወዲያው ተስማማች። ጋሼ ሙሔም ትንሽ አሰቡና እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉበት፤ እኛም አሚን አልን። እሳቸው ዱዓ ካደረጉበት ነገር ማፈግፈግ እዚህ አገር የለም። ዓመቱን ሙሉ ሪሞት እጄ ላይ ሊውል ነው ስል ደስታው ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ።

እስቲ ምርጫዎቼን ልንገራችሁ። ለሙዚቃ የመረጥኩት ልጅቷ መንደሯን ትታ ስትሄድ ክራሩ በአምባሰል ቅኝት የሚያለቅስበትን ፊልም ነው። አድልዎ ነው ካላችሁ፣ አዎ፣ ነው። አምባሰል አጠገብ ተቀምጬ ሌላ ብመርጥ በየትኛው መንገድ ወደ ቤቴ እገባለሁ? ለቀረጻ ደግሞ ጀልባዋ ጭጋግ ውስጥ የምትጠፋበትን መረጥኩ። ዘሃራ ሐይቁ የኛው አርዲቦ ነው ብላ ወላሂ ትላለች። መጨረሻው ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ሌላ አገር ቢጠራም፣ ተሳስተው ነው የጻፉት ብላ አልፋዋለች።

ወንድ ተዋናይ ላይ ስደርስ ግን ልቤ አላመነታም፤ «እናቱን የካደው» አልኩ። እኛ ዘንድ ፊልም በስሙ አይጠራም፤ በሥራው ነው። ልጁ የእናቱን ቤት ይሸጣል። ከዚያ ድግስ ላይ ስትመጣበት ለጓደኞቹ «ድሮ ሠራተኛችን ነበረች» ይላቸዋል። አፉ ሲክዳት ዓይኑ ግን ይጠራታል። እንዲህ ያለ ትወና አይቼ አላውቅም። ዘሃራ ሲያለቅስ የሚያምረውን መረጠች። ጋሼ ሙሔ ደግሞ ለመንገደኛ ሁሉ መኪናውን የሚያቆመውን ደጉን ሾፌር መረጡና ወደኔ ዞሩ።

«አንች ልጅ፣ ያንች እኮ ለውድድርም አይቀርብ» አሉኝ።

ትወና እኮ ነው ብላቸው፣ «ትወና መሆኑንማ መች አጣሁት። ግን ከናቱ ሳይታረቅ ነው ፊልሙ ያለቀ። እንደተጣላ የሚሸለም ሰው የት አይተሻል?» አሉ። ዘሃራም እውነታቸውን ነው አለች። ከመኸል ገላጋይ ጠፋ። ምርጫዬ ከወደቀ ሪሞቱም ሄደ ማለት ነው። ታዲያ ምን ይሻላል ስል ጠየቅኋቸው።

መልሳቸው አጭር ነበር፤ እናስታርቀዋ አሉ።

ተዋናዩ አዲስ አበባ ነው ያለው፤ እናቲቱም የተጻፈች እናት ናት። ጋሼ ሙሔን ይህ አላሳሰባቸውም። ዘሃራ በእናት ወገን ተቀመጠች፤ እኔ መራጯ በልጁ ወገን ቆምኩ። በደንቡ መሠረት በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል። የሐይቁ ነፋስ በሩን እንዳይዘጋው የሚይዘውን ድንጋይ አንስቼ ማጅራቴ ላይ ጫንኩና አጎነበስኩ። ዓሣ የሚበሉት ደንበኞች እጃቸውን ሳይታጠቡ ተነሥተው ለመኑልኝ። ዘሃራ መጀመሪያ እየሳቀች ነበር። ቆይታ ግን እውነተኛ እንባ አወጣችና «ቤቴን ሸጦ» አለች። ቤቴን ነው ያለችው። እኔም ድንጋዩ ከብዶኝ ይሁን አዝኜ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ብዙ ተለምና በመጨረሻ ይቅር አለችኝ። ጋሼ ሙሔ መረቁንና «ካሣው ወደፊት ይታያል» ብለው ዘጉት። ካሣ የሚለውን ሰምቻለሁ፤ ግን አንገቴን እያሸሁ ማን ልብ ይለዋል?

እሑድ አመሻሽ ላይ ሽልማቱ ተላለፈ። በሙዚቃም በቀረጻም ተሸነፍኩ፤ ግድ አልሰጠኝም። ፖስታው ተከፍቶ የልጁ ስም ሲጠራ ግን ዘልዬ ተነሣሁና ሰው ሳልመርጥ አቀፍኩ። ከዚያ እጄን ወደ ጋሼ ሙሔ ዘረጋሁ።

ጋሼ ሙሔ ሪሞቱን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉ። ግምቱስ ያንች ነው፣ አሉ፤ ሪሞቱም ላንች እንደሚገባ ሰው ሁሉ ይመስክር አሉ። ደንበኞቹ መሰከሩልኝ። ቀጠሉና፣ የእናቲቱ ካሣ ግን እስካሁን አልተከፈለም አሉ። እኔ ምን አገባኝ ብል፣ «ድንጋዩን የተሸከመ ማን ነው?» ብለው ቤቱን ጠየቁ። እነዚያው ምስክሮቼ፣ ዓሣቸውን እያላመጡ፣ እሷ ናት አሉ። ከዚህም ከዚያም ተማክረው ካሣው ሪሞቱ እንዲሆን ፈረዱ። ዱዓ ተደረገ፤ ልማድ ሆኖብኝ እኔም አሚን አልኩ።

ዘሃራ ካሣዋን ተቀብላ መጀመሪያ የከፈተችው እናቱን የካደውን ፊልም ነው። ልጁ ገና ብቅ ሲል ዓሣ ቤቱ በሙሉ ዞሮ እኔን አየኝ።