በአዲስ ጫማ ሽምግልና

ነጋዴን ለሽምግልና መላክ ድመትን ሥጋ ጠብቂ ከማለት ይብሳል። ድመቷ የምትበላው ያው የሌላ ሰው ነው፤ ነጋዴ ግን ምላሱ አንዴ ከተፈታ የራሱን ይበላል!

እኔን ያስወጣኝን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ አንድ የሃያ ዓመት ወዳጅ፣ አንድ ትልቅ ደንበኛ (ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው፤ ኪሳራው ግን ሁለት ነው)፣ አንድ ጥንድ አዲስ ጫማና የመጋዘኔ ግማሽ። ይኼ ሁሉ የሆነው ደግሞ ቁጭ ማለት ስለፈለግሁ ብቻ ነው። አዎ... ቁጭ ማለት!

መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ ውስጥ ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ገመድና ጀሪካን የምሸጥ ሰው ነኝ። ወዳጄ ኪሮስ ሰሜን ክፍለ ከተማ ወፍጮ ቤት አለው፤ ልጁ ሃፍቶም ባጃጅ ይነዳል። አንድ ቀን ጠዋት ኪሮስ ሱቄ መጥቶ ለልጁ ሚስት እንደተገኘችለትና ሽማግሌ ሆኜ እንድሄድለት ነገረኝ። ቄስ እያለ፣ አጎት እያለ፣ ለምን እኔ? አልኩት።

“ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ዝገት የያዘ ሚስማር ‘የበሰለ ነው’ ብለህ ሸጠህልኛል” አለኝ። “ለልጄ ካንተ የተሻለ አፍ ከየት አመጣለሁ?”

ደስ አለኝ። እናንተ ግን ከኔ ተማሩ፤ ሰው ሲያሞግሳችሁ ኪሳችሁን ጨበጥ አድርጉ።

ልጅቷ ለተይ ትባላለች። ከውቅሮ ወዲያ፣ የመኪና መንገድ ከሚያልቅበት አንድ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ መንደር ውስጥ ነው ቤታቸው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ናት። ‘በአሥራ ሰባት ዓመት ስምንተኛ?’ እንዳትሉ። እኛ አገር ትምህርት ቤት ስንት ዓመት ተዘግቶ እንደከረመ ታውቃላችሁ፤ ልጆቹ አደጉ፣ ክፍሉ ባለበት ቆመ። የመንደሩ ትምህርት ቤት ደግሞ ከስምንተኛ በላይ የለውም። ከዚያ በኋላ ለሴት ልጅ ሁለት ነገር ይቀራል፦ በእግር ሦስት ሰዓት የሚርቅ ዘጠነኛ ክፍል፣ ወይም ባል። ባል ደግሞ ቤት ድረስ ይመጣል።

እኛም ቤት ድረስ ሄድን። ሦስት ነበርን፦ ቄሱ፣ ጆሯቸው የደከመው የኪሮስ አጎትና እኔ። ሽማግሌ መከበር አለበት ብዬ አዲስ ጫማ ገዝቼ ነበር። መኪናው መንገድ ጨርሶ ሲያወርደን ጫማው አማረብኝ። ግማሽ መንገድ ላይ ጫማው እኔን ለመደኝ፤ እኔ ግን ጫማውን አልለመድኩትም። መንደሩ ስንደርስ እግሬ ዳቦ ሆኗል።

ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ ቃሉን ሳያገኝ አይቀመጥም። የለተይ አባት አቦይ ተስፋይ፣ ቀጭን፣ ዱላቸውን የተደገፉ ሰው፣ በራቸው ላይ ተቀብለውን ከዛፉ ሥር ያለውን አግዳሚ አሳዩን። እኔ አንድ እግሬን አንስቼ ነበር። ቄሱ ግን ደረታቸውን ነፍተው “የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም” አሉ። አቦይ ተስፋይም ወጉ ደስ ያላቸው መሰለኝ፤ ሁለተኛ ቁጭ በሉ አላሉንም።

‘ልጃችሁን ለልጃችን’ ብለን ተናገርን። ሰሙንና “እስቲ ልማከር” ብለው ገብተው በሩን ዘጉ። እኛ ፀሐይ ላይ ቆምን... በኋላ ወጥተው ልጁ ስንተኛ ክፍል ድረስ እንደተማረ ጠየቁ።

አሥረኛ ማለት ይበቃ ነበር። ነጋዴ ግን በቃኝ አያውቅም። እስከ አሥረኛ ነው፤ ግን ትምህርት ነፍሱ ነው፤ ባጃጁ ውስጥ እንኳ መጽሐፍ አይጠፋም አልኩ። መጽሐፉ የመንጃ ፈቃድ ፈተና መለማመጃ ነበር። ቢሆንም መጽሐፍ መጽሐፍ ነው!

አቦይ ተስፋይ ገቡ። በሩ ተዘጋ። ወጡ። ልጅቷ ልማር ብትልስ? አሉ።

“ይኼማ ‘ብትል’ ይባላል እንዴ?” አልኩ። በባጃጁ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ያደርሳታል አልኩ። በዚህ ጊዜ የግራ ተረከዜ በሕይወት የነበረ አይመስለኝም።

ገቡ። ወጡ። ከወለደች ትምህርቱ ይቀራል፤ መጀመሪያ አሥራ ሁለተኛን ብትጨርስ ልጁ ይጠብቃል ወይ? አሉ። ቄሱ አሳሉ። ሱቄ ውስጥ ደንበኛ ሲያስል ‘ዋጋ ቀንስ’ ማለቱ ነው፤ ሰምቼ እንዳልሰማ ማለፍ ልማዴ ነው። የባጃጅ ሹፌር ከመጠበቅ ሌላ ምን ሥራ አለው፣ ቀኑን ሙሉ ተራ ይጠብቅ የለም ወይ? አልኩ። ዓይኔ ያለው አግዳሚው ላይ ነው።

ገቡ። ወጡ። መቀሌ ስትማር ማን ዘንድ ትቀመጣለች? አሉ።

እንግዲህ እኛ ቆርቆሮ ስንሸጥ መጨረሻ ላይ ‘ማድረሻው በኛ ነው’ እንላለን። ከአፌ የወጣው እንደዚያ ነው።

“የኔ ቤት ምን ሊሆን!”

አቦይ ተስፋይ ዱላቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። “ወዲ ከተማ፣” አሉኝ፤ የከተማ ልጅ ማለታቸው ነው፤ “ቄሱ ሰምተዋል። አሥራ ሁለተኛን እስክትጨርስ ልጁ ይጠብቃል። እስከዚያ አንተ ቤት ሆና ትማራለች። ዋሱ አንተ ነህ። ተስማማን፤ ቁጭ በሉ።”

ተቀመጥኩ። ከሁሉ ቀድሜ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የጣመም፣ እንደዚያ የተወደደም መቀመጫ አላየሁም። ምንም ያልሰሙት የኪሮስ አጎት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው “ሰጡን?” አሉኝ።

“ሰጡን” አልኳቸው። ሐሰት አልነበረም፤ ለማን እንደተሰጠች ብቻ ነው ያልነገርኳቸው።

ኪሮስ ሲሰማ “ዋእ!” ብሎ ጮኸ። “ሚስት አምጣ ብዬ ብልክህ ተማሪ ይዘህ መጣህ?” አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስማር ከሌላ ሱቅ ይገዛል።

ቤት ስገባ ደግሞ የባለቤቴን የንግስቲን ቁጣ ፈርቼ ነበር። ታሪኩን እስከ መጨረሻ ሰማችኝ። “የመጋዘኑን ግማሽ አጽዳላት” ብቻ አለች። ክርክሩን ትቼ መጥረጊያ አነሳሁ። ንግስቲ ከስድስተኛ ክፍል ተነስታ የተዳረች ሴት ናት። ያገባት ሰውዬ ደግሞ እኔ ነኝ።

ለተይ የስምንተኛን ፈተና አልፋ በመስከረም መጣች። ዝምተኛ ናት፤ ግን ዝም ብላ አትቀመጥም። ከትምህርት ስትመለስ ሱቅ ገብታ ሚስማሬን በየቁጥሩ ለየችው። ሃያ ዓመት ተደባልቆ የኖረ ሚስማር! ድብልቁ እኮ የንግድ ምስጢሬ ነበር፤ ትንሹን ፈልጎ ያጣ ደንበኛ ትልቁን ገዝቶ ይሄዳል። አሁን ደንበኛው ራሱ ገብቶ የሚፈልገውን አንስቶ ይወጣል።

ሃፍቶምም ጠበቀ። አምስት ወር ጠበቀ፤ ለባጃጅ ሹፌር ረጅም ነው። በጥር ፀጉር ቤት ያላት ልጅ አገባ። የሠርጉ መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ በሱቄ በር ሲያልፉ ቆሜ አየኋቸው። አልተጠራሁም።

የነጋዴ ጭንቅላቴ ያኔ ነቃ። ሙሽራው ከሌለ ውሉ የለም፤ ውሉ ከሌለ መጋዘኔ ይመለሳል። ሄጄ ነገሩን አጣራለሁ አልኩ። ማታ ለንግስቲ ስነግራት ለተይም ሰምታ ኖሯል። ጠዋት ስወጣ ለተይ ሱቁ በር ላይ ነበረች። ደብተሮቿን በኔው ገመድ ጠፍራ አስራለች።

“አያ፣ ሊመልሱኝ ነው?”

“ላጣራ ነው።”

“እሺ” አለች። “ስድስት ቁጥሩ በቀኝ ነው፤ ስምንት ቁጥሩ በግራ። ጽፌ ለጥፌበታለሁ፤ ባልኖርም አይጠፋዎትም።”

መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ሳጠና ሄድኩ። ንግግሩ ያምር ነበር። እኔን ግን ደስ አላለኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ስከራከር፣ ማሸነፍ መፈለጌን ሳላውቅ ክርክር የሄድኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

አቦይ ተስፋይ አግዳሚውን አሳዩኝ። ዛሬስ አሮጌ ጫማ ነው ያደረግሁት፤ እምቢ ብዬ ቆምኩ። ልጁ ሌላ አግብቷል፤ ስለዚህ ውላችን ፈርሷል አልኳቸው።

“ልጁ ጠፋ ማለት ነው?”

“ጠፋ።”

“አንተ ምን ነበርክ?”

“ዋስ።”

ፈገግ አሉ። “ወዲ ከተማ፣ አንተ ረስተኸኛል። ካንተ ሱቅ ቆርቆሮ በዱቤ ልወስድ መጥቼ ዋስ አምጣ ብለኸኝ ነበር። ዋስ ምን ያደርጋል ስልህ ምን አልከኝ?”

ለሁሉም የምለውን ነው ያልኳቸው፦ ባለቤቱ ሲጠፋ የሚገኝ ሰው እንዲኖር።

“ይኸው ባለቤቱ ጠፋ” አሉ።

ዱላቸውን ወደ መንደሩ ዘረጉ። “ብታመጣት ልጄ ናት፤ ቤቷ ነው። ግን ነገ ሌላ ሽማግሌ እዚህ ይቆማል። ደርሳለች፣ ምን ትጠብቃለህ ይሉኛል፤ ዘመድ ነው፣ ጎረቤት ነው፣ ስንቱን እመልሳለሁ? አሁን ግን መልስ አለኝ። በዋስ ተይዛለች እላለሁ፤ ዝም ብለው ይሄዳሉ።”

ተቀመጥኩ። ሁለተኛ ጊዜ ነው እዚያ አግዳሚ ላይ ተሸንፌ የተቀመጥኩት።

መቀሌ ስመለስ ለተይ እዚያው ሱቅ ውስጥ ናት፤ ደብተሮቹም እንደታሰሩ ናቸው። ንግግር አላሰማመርኩም። “ስምንት ቁጥሩ በየት በኩል ነው ያልሽኝ?” አልኳት።

አየችኝ። “በግራ” አለችና ገመዱን መፍታት ጀመረች።

ይኼ ካለፈ ቆየ። ባለፈው ሳምንት ግን ሲያንገበግበኝ የኖረውን ጠየቅኋት። ያን ቀን አባትሽ እየገቡ እየወጡ ያን ሁሉ ጥያቄ ያመጡት ከማን ነው?

“የመጀመሪያው የእናቴ ነው” አለች፣ ከደብተሯ ቀና ሳትል። “የቀረው የኔ።”

“እኔ እሺ እንደምል በምን አወቅሽ?”

“በበሩ ሥር እግርዎ ይታየኝ ነበር። ጫማው አዲስ ነው። አንዱን ሲያነሱ፣ ሌላውን ሲያነሱ... ትንሽ ካቆምናቸው ሁሉንም እሺ ይላሉ አልኩት አባቴን።”

ሒሳቡ ይኼ ነው። የወጣ፦ አንድ ወዳጅ፣ አንድ ደንበኛ፣ አንድ ጥንድ ጫማ፣ ግማሽ መጋዘን። የቀረ፦ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ። ሁለት ዓመት ይቀራታል።