የአቶ አይነካም ሙዚየም

የሳይንስ ሙዚየሙ ዳይሬክተር ወደር የማይገኝላቸው ሰው እንደነበሩ በቅድሚያ በአክብሮት መግለጽ ተገቢ ነው። ልጆች በእጃቸው እየነካኩ እንዲማሩበት የተቋቋመውን ይህን ቤት በተረከቡ ማግስት፣ ዕቃ የሚሰበረው ስለሚነካ መሆኑን በጥልቅ ጥናት ደረሱበት። መፍትሔውም አልዘገየም። ፔንዱለሙ በገመድ ታጠረ፤ ማግኔቶቹ መስታወት ውስጥ ገቡ፤ "ይንኩኝ!" የሚለው ሰሌዳ ራሱ ልጆች እየነኩት ስላስቸገሩ ጣሪያው ሥር ተሰቀለ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ብሎን እንኳ አልወለቀችም። ሠራተኞቹ በፍቅር "አቶ አይነካም" ይሏቸዋል፤ ፍቅሩ የሚገለጸው ግን እሳቸው በሌሉበት ነው።

አንድ ቀን የበላይ ኃላፊው ልጆች ሲማሩ ለማየት እንደሚመጡ ተነገራቸው። አቶ አይነካምን ላብ አጠመቃቸው። ሹመታቸው የሚጸናውም የሚነሳውም በዚህች ጉብኝት ነው። ሙዚየሙ ደግሞ ሁሉ ሞልቶት ልጅ ብቻ ጎድሎታል። ከጎረቤት ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ሙሉ ሕፃናት ከነመምህርታቸው በአስቸኳይ ተጠሩ።

"ልጆች፣" አሉ ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆመው፣ "ዛሬ ሳይንስን በተግባር ትማራላችሁ። እጃችሁን ኪሳችሁ ክተቱ!"

"እኔ ኪስ የለኝም" አለች የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ።

"እንግዲያው የጓደኛሽ ኪስ ውስጥ ክተቺ።"

መምህርቷ ፈራ ተባ እያለች፣ "ጋሼ፣ አንዷን ማግኔት እንኳ ቢነኩ…" አለች።

"እሜቴ፣ ዛሬ ከተነካች ነገ በምን ኃይሏ ትስባለች?"

ለዚህ ጥያቄ ሳይንስም ገና መልስ አላገኘም።

የእንግዳው መኪና ጥሩምባ ሲሰማ ዳይሬክተሩ ወደ ደጅ ሮጡ፤ በጥድፊያም ቢሯቸውን ሳይቆልፉ ቀሩ። ቢሮው ውስጥ በዚያ ቤት ያልታጠረ፣ መስታወት ያልለበሰ ብቸኛ ዕቃ ነበር፦ እንዳሻው የሚዞረው የቆዳ ወንበራቸው።

እንግዳውን ይዘው ሲመለሱ ከቢሮው ሳቅ ሰሙ። ክው አሉ። ጥርሷ የወለቀው ልጅ ወንበሩ ላይ እየተሽከረከረች ነው።

"እጄን ስዘረጋ ቀስ ይላል! ስሰበስብ ይፈጥናል! እዩ! እዩ!"

"ለምንድነው ቲቸር?" ይላሉ ሌሎቹ። "ተራዬ ነው! ውረጂ!"

አቶ አይነካም በሆዳቸው የስንብት ንግግራቸውን ጀመሩ። ኃላፊው መነጽራቸውን አስተካክለው አንዴ ልጆቹን፣ አንዴ ወንበሩን አዩ።

"ድንቅ ነው!" አሉ። "እዚህ ቤት ሲሠራ ያየሁት ይህን ብቻ ነው። ሐሳቡ የማነው?"

ዳይሬክተሩ አሰሉት፦ እውነት መናገር ወንበር ሊያሳጣ ይችላል።

"የእኔ ነው፣ ክቡርነትዎ። ለረጅም ጊዜ ተቀምጬ ያሰብኩበት ነው።"

ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። ወንበሩ በዚያው ቀን አዳራሹ መሃል ወጥቶ ሪባን ተቆረጠለት። ዳይሬክተሩም ቆመው ተመሰገኑ፤ ከዚያ በኋላ ሥራም የሚሠሩት ቆመው ሆነ።

እግራቸው ሲያብጥ ወደ ንብረት ክፍል ኃላፊዋ ሄዱ።

"ሌላ ወንበር ይውጣልኝ።"

"በስምዎ አንድ ወንበር ወጪ ሆኗል፣ ጌታዬ። ለአንድ ሰው ሁለት አይፈቀድም።"

"እንግዲያው እሱ ላይ ልቀመጥ!"

"ይችላሉ" አለች በትሕትና፤ "ዕድሜዎ ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ከሆነ።"