አልበም በጋሽ ሀቢቡ ተራ

ሙዚቃ የሚወድ ሰው ምንም ችግር የለበትም። ችግሩ ያለው ሙዚቃ የሚያስወድድ ሰው ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ያልተፈጠረበት ከተማ የለም፤ ወልቂጤም አለ፣ ቆሼም አለ። የቡታጅራው ግን ሚኒባስ አለው።

ጋሽ ሀቢቡ ይባላሉ። ከቡታጅራ ቡኢ ሲመላለሱ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሌላው ሹፌር ተሳፋሪውን ሂሳብ ይጠይቃል፤ እርሳቸው በመስታወቱ እያዩ “ምን እየሰማህ ነው?” ይላሉ። የፈለግከውን አልበም ጥራ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ “ሙሉውን?”

ዘርፈሽዋል ከደብረ ታቦር ተመድባ የመጣች የሂሳብ መምህርት ናት። የምታስተምረው ቡኢ፣ የምታድረው ቡታጅራ። መጀመሪያ የተሳፈረች ዕለት ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ስላዩዋት ተጠየቀች። የአልበሙን ስም ተናገረች። ሙሉውን? የለም፣ ሦስት ዘፈን ብቻ ነው የወደድኩት አለች፤ ሞኝ ናት፣ እውነቱን ተናገረች። ጋሽ ሀቢቡ መኪናውን ጥግ አስያዙ። “ሦስት ጉርሻ ጎርሶ ሰርግ በላሁ ይባላል እንዴ?” ብለው ዞረው ጠየቋት። አሥራ ሦስት ተሳፋሪም አብሮ ዞሮ አያት።

የእርሳቸው ሃይማኖት ይኸው ነው። አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በተራው ይሰማል። ዘፋኙ ከአንድ እስከ አሥር የደረደረው ሥራ ስላጣ አይደለም። ስለዚህ ከቡታጅራ መነኸሪያ ሲወጡ አንደኛው ዘፈን ይጀምራል፣ ቡኢ ሲገቡ አሥረኛው ላይ ናቸው። መንገዱ ቀንቷቸው ቀድመው ከደረሱ አሥረኛው እስኪያልቅ በሩ አይከፈትም። አንድ ጊዜ የፍርድ ቤት ቀጠሮ የረፈደባቸው ሴትዮ በሩን ቢደበድቡ፣ “እናቴ፣ ዳኛውም ሳይሰማ አይፈርድም፣ አንዲት ዘፈን ናት የቀረችን” አሏቸው። ሴትዮዋ ሲሰሙ ቆይተው እያንጎራጎሩ ወረዱ። ጋሽ ሀቢቡ ይህን ሲያወሩ ደረታቸው ይነፋል፤ ከእኔ መኪና ፊቱን ቋጥሮ የሚወርድ ሰው የለም ይላሉ።

ይህ አልበቃ ብሏቸው ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈቱ። ስሙ “ምን እየሰማችሁ ነው?” ነው። አርባ ሁለት አባላት አሉት፤ መምህራን፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ጁስ ቤት ያላት መሕቡባ፣ ሞባይል ቤት ያለው ራምዚ። በየጠዋቱ ሁሉም የሚሰማውን አልበም ይጽፋል፣ ክቡር ሊቀ መንበሩም “ሙሉውን?” ይላሉ። ሕግም አለው፤ ዘፈን የዘለለ ወይም ተራ ያዘበራረቀ አንድ ወር ይባረራል። ራምዚ ሰባተኛዋን ዘሎ ወር ሙሉ ውጭ አድሯል።

ባለፈው ጥር ዘርፈሽዋልም ደረሳት። ልብስ ስታጥብ ስልኩ ዘፈኖቹን እንዳሻው ሲያደበላልቅ ዝም ማለቷን አምልጧት ጻፈች። እጄ ላይ ሳሙና ነበር ብላ ብትለምን፣ “ሕግ ሕግ ነው” የሚል መልስ መጣ፣ ወዲያው ተባረረች። ለሌላው ቀልድ ነው። እሷ ግን በዚያ ከተማ ዘመድ የላትም፤ ጠዋት ጠዋት ደህና አደርሽ የሚላት እሱ ግሩፕ ነበር። ያ ወር ረዘመባት። ቂም ቋጠረች፣ አንድ ቀን አገኛቸዋለሁ አለች።

አገኘቻቸው። ከፋሲካ በኋላ አንድ ወጣት ድምፃዊ አዲስ አልበም አወጣ። ጋሽ ሀቢቡ ራምዚ ጋ ፍላሽ ላይ አስጭነው ሦስት ሳምንት ሌላ ነገር አልሰሙም፤ በየቀኑም ለግሩፑ ትንታኔያቸውን በድምፅ ይልካሉ። አልበሙ፣ እንደ እርሳቸው፣ አንድ ታሪክ ነው። “ሄድሽ አሉኝ” በሚለው ይጀምራል፤ ልጅቱ ጥላው ሄዳለች። ሰውየው ይንከራተታል፣ መንገድ ይረዝምበታል። መጨረሻ ላይ በ“ፊትሽን አየሁት” ያገኛታል። መሐል ላይ የሰርግ ዘፈን ምን ይሠራል ብላ መሕቡባ ብትጠይቅ፣ “ሰርጉ ህልም ነው። በህልሙ ነው ያገባት። ልብ ብለሽ ስሚ” አሏት። መሕቡባ ሚኒባሱ ውስጥ ልብ ብላ ሰማች፣ አለቀሰችም። ግሩፑ በሙሉ ጉድ አለ።

ዘርፈሽዋልም አልበሙን ልታስጭን ራምዚ ጋ ሄደች። ኮምፒውተሩ ላይ ዝርዝሩን አየች። አንደኛ፣ “ፊትሽን አየሁት”። ሁለተኛ፣ ሰርጉ። አሥረኛ፣ “ሄድሽ አሉኝ”። ይሄ ምንድነው አለችው። ራምዚ ራሱን አከከ። የጋሽ ሀቢቡ ቴፕ የአልበም ተራ አያውቅም፤ ዘፈኖቹ ላይ እንደዚህኛው ቁጥር ካልተጻፈ፣ ፍላሹ ላይ ያለውን በስሙ ከሀ ጀምሮ ነው የሚደረድረው። ሄ ፊት ይመጣል፣ ፊ መጨረሻ ይሆናል። እኔም ያወቅሁት ትንታኔው ከተጀመረ በኋላ ነው፣ እንዴት ብዬ ልንገራቸው አለ።

ዘርፈሽዋል ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ጋሽ ሀቢቡ ሦስት ሳምንት ሙሉ የተነተኑት የፊደል ገበታ ነው። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ራምዚ በአላህ ይሁንብሽ፣ ተያቸው ብሎ ቢለምናት አልሰማችውም፤ እሷንስ በጥር ማን ተዋት? ዝርዝሩን ፎቶ አንስታ ግሩፑ ላይ ለጠፈችና ከሥሩ “ጋሽ ሀቢቡ፣ በተራው?” ብላ ጻፈች።

ክርክር ጠብቃ ነበር፤ እርሳቸው ለክርክር መች ያንሳሉ? የመጣው መልስ ግን አጭር ነበር። “ልክ ናት። ሕግ ሕግ ነው።” ቀጥሎ ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ከግሩፑ ወጡ።

በማግሥቱ ጠዋት ማንም ምን እየሰማ እንደሆነ አልጻፈም። መሕቡባ ማንጎ ገብቷል አለች። ራምዚ የቻርጀር ዋጋ ለጠፈ። ዘርፈሽዋል ስልኳን አሥር ጊዜ ከፍታ ዘጋች። ያሸነፈች መስሏት ነበር።

ሰኞ ተሳፈረች። ጋሽ ሀቢቡ እንደምን አደርሽ አሏት በትሕትና። ምን እየሰማሽ ነው አላሉም። ራምዚ ጋ ሄደው ዘፈኖቹን ቁጥር አስጽፈውባቸዋል፤ ቴፑ አሁን በትክክለኛው ተራ ይዘፍናል። በመገናኘት ተጀመረ፣ ሰርጉ እውነተኛ ሰርግ ሆነ፣ ከዚያ ጭቅጭቅ፣ ከዚያ ዝምታ። ቡኢ ሲገቡ “ሄድሽ አሉኝ” አለቀና በሩ ተከፈተ። ተሳፋሪው አንገቱን ደፍቶ ወረደ። አንድ ሽማግሌ ማዳበሪያቸውን ተሸክመው፣ “ምን ሆነን ነው ዛሬ?” እያሉ ሄዱ።

ዘርፈሽዋል ሳትወርድ ቀረች። ጋሽ ሀቢቡ መሪውን እንደያዙ ወደ መንገዱ ያያሉ።

“ሄደች እኮ” አሉ ቀስ ብለው። “እኔ ወላሂ የመጣች ነበር የመሰለኝ።”

ዘርፈሽዋል በጥር የቋጠረችው ቂም የት እንደገባ አላወቀችም። “ጋሽ ሀቢቡ፣ የድሮው ይሻላል። ይመልሱት።”

“ተራውስ?”

“የእርስዎ ነው ልክ። ዘፋኙ ነው የተሳሳተ።”

በማግሥቱ የድሮውን ተራ መለሱት። ከዚያ ወዲያ ተሳፋሪ እንደገና እያንጎራጎረ ይወርድ ጀመር። ወደ ግሩፑ ግን እንዲመለሱ ራምዚ ቢለምን፣ መሕቡባ በነፃ ጁስ ብትደልል፣ እምቢ አሉ። የአንድ ወር ቅጣታቸውን ሙሉውን ፈጸሙ፤ አንድ ቀን አላጎደሉም።

በሠላሳ አንደኛው ቀን ጠዋት ተመልሰው ገቡና “ምን እየሰማችሁ ነው?” ብለው ጻፉ። አርባ አንዱም አባል ያንኑ አልበም ጠራ፣ ከሥሩም “በጋሽ ሀቢቡ ተራ” ብሎ ጨመረበት። ዘርፈሽዋል ከሁሉም ኋላ መጣች። ሰርጉ ህልም ነው ብላ ጻፈች።

ከዚያ የሊቀ መንበሩ መልስ መጣ።

“ሙሉውን ሰምተሽዋል?”