ሃርፕሲኮርዱ ላይ የረጨሁት ጸበል

2025፣ ጸደይ፣ ስቶክሆልም። ወገኖቼ፣ ትናንት ያደረግሁትን ብነግራችሁ አታምኑኝም!

ልጄ ማርታ ሃርፕሲኮርድ ትጫወታለች። ከፒያኖ በፊት የነበረ መሣሪያ ነው። ፒያኖ ይመስላል፤ ግን ቁልፉን ስትነኩት ውስጡ ያለች ቀጭን እንጨት ተነሥታ ክሩን እንደ ክራር ትገርፈዋለች።

ሰው «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ሲለኝ ይህንኑ አስረዳለሁ።

«ጎሽ! ሥራዋስ?» ይለኛል።

አልፈርድም። እኔም ዐሥር ዓመት ሙሉ እንዲሁ ስጠይቃት ኖሬያለሁ። ነርስ እንድትሆን የተሳልኩትን ስለት እግዚአብሔር ያውቀዋል!

ትናንት በአንድ የስዊድኖች ቤተ ክርስቲያን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ኮንሰርት ነበራት። የሰመር ኮንሰርቶችን የሚያዘጋጀው ሰውዬ ሊሰማት መጥቷል። ከወደዳት ሰመሩን ሙሉ ሥራ አላት።

ከሰፈራችን ከሮግስቬድ በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ አብረን ቀደም ብለን ደረስን። እሷ ልብስ ልትቀይር ገባች። መሣሪያው ክዳኑ ተከፍቶ ብቻውን ቆሟል። ውስጡ አበባ ተሥሎበታል፤ እንዴት እንደሚያምር!

ዐሥር ዓመት ያልባረክሁትን ዛሬ ልባርክ አልኩ።

ከቦርሳዬ ጸበል አወጣሁ። በስመ አብ ብዬ ሦስት ጊዜ ረጨሁ።

በደንብ ነው የረጨሁት! ለልጅ ይሰሰታል እንዴ?

ማርታ ተመልሳ አየች።

«ማማ!» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ በስዊድንኛ፣ «እንጨት እኮ ነው። ያብጣል።»

አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

በሻርፗ ጠረገችው። ጎንበስ ብላ ክሮቹን ደግማ ቃኘች። አንዷ እንጨት ግን አብጣ አልነሣ አለች። አንድ ድምፅ ጠፋ።

ማርታ አንድ ሰዓት ሙሉ ያንን ድምፅ እየዘለለች ተጫወተች። በዘለለች ቁጥር ትከሻዋ ሰበቅ ይላል። እኔም ወንበሬ ላይ አብሬ ትከሻዬን እሰብቃለሁ።

ሰውዬው ሲወጣ «እንደውላለን» ብቻ አላት።

«አይደውሉም» አለችኝ ባቡር ውስጥ። እጄን ግን አልለቀቀችም። ተመስገን።

ዛሬ ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ፣ ከፕሮግራሙ ወረቀት ላይ የሰውዬውን ቁጥር አግኝቼ ደወልኩ።

የንስሐ አባቴ ለኮንሰርት አዘጋጅ ተናዘዢ ብለውኝ አያውቁም። ግን ልጄ በኔ ጥፋት እንጀራዋ ሊዘጋ ነው! በተሰባበረ ስዊድንኛዬ ሁሉን ተናገርኩ። ውሃው የኔ ነው። የጠፋው ድምፅ የኔ ጥፋት ነው። ልጅቷ ምንም የለችበትም።



«የትኛው ድምፅ?» አለኝ ሰውዬው።

ለካ ድምፁ መጉደሉን ልብ አላለም!

«እኔ እኮ የሰመሩን ቀን ልነግራት ልደውል ነበር» አለ። በጉልበቴ ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ፤ ተመስገን!

ከዚያ ሳቀ። «አሁን ስደውል ስለ ውሃውም እጠይቃታለሁ።»

ማርታ ገና ተኝታለች። እኔ ጫማዬን አድርጌ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

እስቲ እናቶች ፍረዱኝ፦ ሰውዬው ሳይቀድመኝ ቀስቅሼ መደወሌን ልንገራት፣ ወይስ ዝም ብዬ ወደ ሥራዬ ልሩጥ?